ሻጋልን የት እንየው? ፓሪስ ወይስ ኒስ?

ማርክ ሻጋል እ.ኤ.አ. በ1887 በያኔዋ ሩሲያ፣ በዛሬዋ ቤላሩስ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረ ሠዓሊ ነው።

ፓሪስ፣ ኦፔራ ጋርኒዬ (የኦፔራ ቤት)፦ በ1964 የተመረቀው የሻጋል የጣሪያ ሥዕል። የመግቢያው ዋጋ ሕንጻውንም ያስጎበኛል። ልምምድ ካለ ግን አዳራሹ ሊዘጋ ይችላል። ሥዕሉም ሩቅ ነው፤ አንገት ያማል። ሥዕሉን ለመሥራት ለለፋው ልፋት ሻጋል ክፍያ አልተቀበለም።

ኒስ፣ የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ፦ በ1973፣ ሻጋል በሕይወት እያለ የተከፈተ የሥዕሎቹ ሙዚየም። ማክሰኞ ዝግ ነው። ኦሪትን የሚያውቅ ሰው እዚህ ይግባ! የኖኅ መርከብ፣ ከመልአኩ ጋር የሚታገለው ያዕቆብ፣ ሁሉም ፊት ለፊት ነው። መኃልየ መኃልይ የራሱ ክፍል አለው፤ ቀዩ ቀለም ልብ ይሰርቃል።

ፓሪስን ለአንድ ቀን ለሚያልፍባት ጋርኒዬ ይበቃዋል። ጊዜ ያለው ግን ኒስ ይውረድ።