የግድግዳ ካርታ ወይስ የምድር ሉል፦ ለ9ኛ ክፍል የትኛው ለምን?

ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል የግድግዳ ካርታ ይመረጣል፤ ከኋላ ወንበርም ይታያል፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ ለማንበብም ይመቻል። ተማሪዎች ሁለቱን ቁጥሮች ያገላብጣሉ። ስለዚህ ኬክሮስን አስቀድመው ይጻፉ፤ «ሰሜን» ወይም «ምሥራቅ» ያልተጨመረበት መልስ ነጥብ አያግኝ። አዲስ አበባ 9° ሰሜን፣ 39° ምሥራቅ ነው።

ስፋትና ርቀት ላይ ሲደረስ ግን ካርታው፣ በተለይ መርኬተር በሚባለው የካርታ አሳሳል ዘዴ የተሠራው፣ ያሳስታል። ግሪንላንድ አፍሪካን አክላ ትታያለች፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች። በ60° ኬክሮስ ላይ ርዝመት በምድር ወገብ ካለው በእጥፍ ተለጥጦ ስለሚሳል፣ መላውን ካርታ በአንድ መስፈርት (ስኬል) መለካት ስህተት ነው።

እዚህ ላይ ሉሉ ይውጣ። ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 1 ሳንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጥሩ፦ 27 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል። ክሩ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በስፔን ላይ ያልፋል፤ በመርኬተር ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረው ግን አውሮፓን ጨርሶ አይነካም። ክሩ ከላላ ልኬቱ ይበዛል። አንድ ሉል ለስድስት ተማሪ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግፊያ ነው። ሉል ከሌለ ኳስ ላይ መስመሮቹን በማርከር መሳል ይቻላል፤ አህጉሮቹ ባያምሩም ክሩ ሥራውን ይሠራል።