ሐዋሳ ላይ እናቴን እንደ እናቱ ለያዘልን ባለባጃጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሐዋሳ ከተመለስን ሁለት ሳምንት አለፈን። በየቀኑ ዛሬ እጽፋለሁ እያልኩ ሥራ ሲያዘናጋኝ ቆይቶ ትናንት ማታ እናቴ "ያንን ልጅ አመሰገንሽልኝ ወይ?" ብላ ስትጠይቀኝ አፈርኩ። ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው። ለቅዳሜና እሁድ ሐዋሳ የምታስቡ፣ በተለይ እናት አባታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ሐኪሞቹ የነገሩንን የበሽታውን ስም እኔም በደንብ አልያዝኩትም፤ ብቻ ደረጃ መውጣትና መውረድ ለእሷ ስቃይ ነው። አባቴ ካረፈ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። በ1970ዎቹ ሐዋሳ ታቦር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፤ እነሱም አዲስ ተጋቢ ሆነው ኑሮ የጀመሩት እዚያው ነው። እሷ ዛሬም "አዋሳ" ነው የምትለው። ከለቅሶው በኋላ ደጋግማ "ያንን ሐይቅ አንድ ጊዜ ባየው" ትለን ነበር።

አምና ልናስደስታት ብለን መጀመሪያ የወሰድናት ወደ ሌላ ሐይቅ ዳር ነበር፤ ቅርብ ስለሆነ የሚሻላት መስሎን። የቦታውንም የሰዎቹንም ስም አላነሳም፣ ለእግዜር ትቼዋለሁ። ጉዞውን አዘጋጃለሁ ያለን ሰው ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። ክፍላችሁ ሐይቁን ያያል ተብለን ስንደርስ በመስኮቱ የሚታየው ጄኔሬተር ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ። ክፍሉ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። እናቴን በሁለት በኩል ደግፈን ስናወጣት "ቀድማችሁ መናገር ነበረባችሁ" ተባልን። ሦስት ጊዜ ደውለን ተናግረን ነበር! በማግስቱ ጀልባ ያዝን። ተስማምተን ነው የወጣነው። መሐል ሐይቅ ላይ ስንደርስ ሰውየው ሞተሩን አጥፍቶ "ዋጋው በሰው ነው" አለን። እናቴ ውሃው ላይ እጇ እየተንቀጠቀጠ ከመቀነቷ ብር ስትፈታ ያየሁት እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ቤት ስንገባ "ከእንግዲህ እኔን ይዛችሁ አትልፉ" አለች። ዓመት ሙሉ ስለ ሐይቅ አላነሳችም።

የልጁን ስልክ የሰጠችኝ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት። "ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ ግን ለእኔ ሁሉን ነገር ያዘጋጀልኝ እሱ ነው" አለችኝ። እውነት ለመናገር አላመንኩም። ኅዳር ላይ ደወልኩለትና ለታኅሣሥ 19 ልንመጣ አስበናል አልኩት። እንደምታውቁት ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከተማው ከየአገሩ በመጣ ምዕመን ይሞላል፣ አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም አይቀመስም። ልጁ ምን አለኝ? "እህቴ፣ ማዘር ለንግሥ ከሆነ የሚመጡት ይምጡ፣ አደርሳቸዋለሁ። ለእረፍት ከሆነ ግን ግፊያው ይጎዳቸዋል፤ ጥምቀት ይለፍና ጥር መጨረሻ ላይ ኑ።" በዚያ ሰሞን ብንሄድለት እኮ እጥፍ ሊያስከፍለን ይችል ነበር።

ቀጥሎ የጠየቀኝ ጥያቄ "ደረጃ ይወጣሉ?" የሚል ነው። አይወጡም አልኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ ቪዲዮ ላከልኝ፤ አንድ እንግዳ ማረፊያ ሄዶ ከግቢው በር ጀምሮ እስከ አልጋው ድረስ እየተራመደ የቀረጸው ነው፣ ድምፁም ይሰማል፦ "ይኸው አንድ... ሁለት። ሁለት ደረጃ ብቻ ናት። መጸዳጃ ቤቱም እዚሁ ክፍሉ ውስጥ ነው።" ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፣ እንባዬ መጣ። አምና ገንዘባችንን የተቀበሉት ሰዎች ያላሰቡትን አንድ የማላውቀው ልጅ ቆጥሮ ላከልኝ።

አርብ ጠዋት 12 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርን። ከአዲስ አበባ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ እያልን ጥቁር ውሃ ስንደርስ እናቴ ከእንቅልፏ ነቅታ ነጠላዋን አስተካከለች። ልጁ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። አርብ ነበርና እናቴ ደግሞ በጾም ቀን አሳ አትቀምስም፤ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥም አትገባም። ሳንነግረው "ማዘር ይጾማሉ አይደል?" ብሎ ቀጥታ ጥሩ ተጋቢኖ ሽሮ ያለበት ቤት ወሰደን። ባጃጁ ላይ ስትወጣ ግን ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት "ወይ እመቤቴ!" አለች። ልጁ ዞር ብሎ አየ፣ ምንም አልተናገረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ባጃጁ ውስጥ ዱካ ይዟል። እናቱ ቡና የሚያፈሉባት ዱካ ናት፤ ሦስት እግር፣ ከብዙ ዓመት መቀመጥ የተነሳ መሐሏ የጎደጎደ፣ በጭስ የጠቆረች። ከላይዋ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ በምስማር መትቶባታል፣ እንዳያንሸራትታት ብሎ። ማታ ቤቱ ገብቶ ይሄን ሲሠራ አምሽቷል ማለት ነው። ባጃጁ አጠገብ አስቀመጣትና በእጁ ነቅነቅ አድርጎ መርገጧን አረጋግጦ "እማማ፣ ቀኝ እግርዎን እዚህ" አላት። ወጣች። "ወይ" አላለችም።

በዚያ ሁለት ቀን ያቺ ዱካ ስንት ጊዜ ከባጃጁ ወርዳ እንደወጣች አልቆጠርኩም። በየቆምንበት እሱ ይቀድማል፣ ዱካዋ ትወርዳለች፣ እናቴ ትከተላለች።

ጀልባውንም ጠዋት ያደረገው እሱ ነው። "ሐይቁ ጠዋት ዝም ይላል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳበታል፣ እማማ ይፈራሉ" አለ። በጊዜ ወደ አሳ ገበያው አሞራ ገደል ወረድን። አጥማጆቹ መረባቸውን እየዘረገፉ፣ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በቢላ እየበለቱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ደግሞ እንደ ሽማግሌ በሰው መሐል ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ። ልጁ ከባለጀልባው ጋር ዋጋ የተነጋገረው እኛ ፊት ነው። "ለጠቅላላው ነው፣ በሰው አይደለም፣ መመለሻውንም ይጨምራል፣ በለው" ብሎ ሰውየውን ራሱ በአፉ አስደገመው። ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባና በአንድ እጁ ጀልባዋን፣ በሌላው የእናቴን ክንድ ያዘ። ዱካዋ ጠጠሩ ላይ ናት። እኔ ልጇ ዳር ላይ ቦርሳ ይዤ ቆሜያለሁ፣ እሱ ግን ውሃ ውስጥ ነው።

ጉማሬዎቹን አየን፣ ጆሮና ዐይናቸው ብቻ ከውሃው ብቅ ብሎ። እናቴ ግን ብዙም አላየቻቸውም። ዐይኗ ታቦር ተራራ ላይ ነበር። "አባትሽ እሑድ እሑድ እዚያ ላይ ያወጣኝ ነበር፣ ያኔ ጉልበት ነበረኝ" አለችኝ። ይህንን ታሪክ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ስንወርድ ለልጁ ነገርኩት፤ ሳንጠይቀው ባጃጁን አዙሮ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆመልን። አልወረደችም። ዝም ብላ በሩን አይታ አይታ "በቃ ልጄ፣ እንሂድ" አለች። እሱም ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ብሎ ጠብቋት ነበር።

ሌላውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ምሳ አሞራ ገደል ተመልሰን የአሳ ሾርባና ጥብስ በዳጣ በላን። ማታ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ፣ ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎቹ ሲዘሉ እያየን ቡና ጠጣን። ከቆጮ የሚሠራውን የሲዳማ ምግብ ቡርሳሜንም ቀመስን፤ ሐዋሳ ከ2012 ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናትና ሳይቀምሱ መመለስ ነውር ነው ብሎን። እሁድ ጠዋት ገብርኤልን ተሳለመች፣ ያውም ሳትጋፋ። ከተማዋ ትልቅ አይደለችም፤ የሚያውቅ ሰው ከያዛችሁ ሁለት ቀን ይበቃል፣ ሩጫ የለም።

ሒሳቡን ስናወራ በስልክ ከተስማማነው አምስት ሳንቲም አልጨመረም። የቆየበትን ሰዓት ልጨምርልህ ብለው "እማማ መርቀውኛል" አለኝ።

ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ለምኖኛል። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልክላችኋለሁ። ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ደውሉለት፤ ጉልበት የሚያመው፣ ዐይኑ የደከመ፣ ስኳር ያለበት ሰው ካላችሁ ሳትደብቁ ንገሩት፣ እሱ ያስብበታል። በድጋሚ እላለሁ፣ እናታችሁን ይዛችሁ ሐዋሳ ከሄዳችሁ እሱን ያዙ። አምና የደረሰብን ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ወንድማችን፣ ይህንን ካነበብከው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናትህንም ስለ ዱካቸው አመስግንልን።

እሁድ ከሰዓት አውቶቡሱ ላይ ስትሳፈር ዱካዋን በሩ ሥር አስቀመጠላት። እናቴ ወጥታ ከተቀመጠች በኋላ ዱካዋን አንስቶ ለእኔ ሰጠኝ። "አዲስ አበባ ስትደርሱ በምን ይወርዳሉ?" አለኝ። አሁን ሳሎን ውስጥ ከረከቦቱ አጠገብ ናት። ወደ ሐዋሳ በሚሄድ ሰው ልላክለት ብላት እናቴ እምቢ አለችኝ። "የሰው ዕቃ በሰው አይመለስም፣ ራሴ ነኝ የምወስድለት" ብላ ለሚያዝያ ቀን ቆርጣለች።