ልጃችንን ስለረዳው የዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ቢሮ

ልጃችን አሜሪካ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታጠናለች። ባለፈው ዓመት የቤተ ሙከራ መምህሯ ሪፖርቷን ባስረከበች ቁጥር በተማሪዎቹ ፊት «ይህ የራስሽ ሥራ ነው?» እያለ ይጠይቃት ነበር፤ ሌላ ተማሪ ግን እንዲህ ሲጠየቅ አላየችም። ስለዚህ ጉዳዩን ዩኒቨርሲቲው አድልዎ ለሚደርስባቸው ተማሪዎች ድጋፍ እንዲሰጥ ላቋቋመው ቢሮ አመለከተች። ይህን የምጽፈው ልጆቻቸው ኮሌጅ የሚገቡላቸው ወገኖች ከእንዲህ ዓይነቱ ቢሮ ምን መጠበቅ እንደሚገባቸው አስቀድመው እንዲያውቁ ነው።

አገልግሎቱ በነፃ የሚሰጥ ሲሆን የሚጀምረውም በኢንተርኔት በሚሞላ ቅጽ ነው። ስም ሳይገልጹ ማመልከት ይቻላል፤ ሆኖም ቢሮው አመልካቹን የሚያገኝበት መንገድ ስለማይኖረው፣ ማመልከቻው በመዝገብ ከመያዝ አልፎ ለተማሪው የሚያስገኘው እርዳታ የለም። ልጃችን ስሟን በመግለጿ በዚያው ሳምንት አንዲት ሠራተኛ ደውላ ቀጠሮ ሰጠቻት። የቢሮው ትልቁ ጥንካሬ እኚህ ሠራተኛ ናቸው። የሆነውን ሁሉ ቀኑንና ቦታውን ለይታ እንድትጽፍ፣ የተጻጻፈቻቸውንም ኢሜይሎች እንድታስቀምጥ መከሯት፤ ወደ ሌላ የቤተ ሙከራ ምድብ እንድትዛወር አደረጉ፤ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ባነጋገረችበት ዕለትም አብረዋት ገቡ። ታላቅን አክብራ ዝም ማለትን ከቤቷ ለተማረች ልጅ፣ ብቻዋን አለመግባቷ ከምክሩ ሁሉ በላይ ጠቅሟታል።

ቢሮው ግን ማንንም የመመርመርም ሆነ የመቅጣት ሥልጣን የለውም። እንዲህ ያሉ ቢሮዎች የመቅጣት ሥልጣን ያላቸው ሲመስሉ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ቡድን የመናገር ነፃነትን ይጋፋል ተብሎ ተከሶ፣ በ2019 ቡድኑ ቀርቶ ተማሪዎችን በመደገፍ ላይ ባተኮረ ፕሮግራም ተተክቷል። ይህን ገደብ እረዳለሁ። የማልቀበለው፣ ለቢሮው ማመልከት በሕግ ፊት አቤቱታ እንደማቅረብ እንደማይቆጠር ለልጃችን በግልጽ አለመነገሩን ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ርዕስ 6 የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበሉ ተቋማት በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር ምክንያት የሚደረግን መድልዎ ይከለክላል፤ ለፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ የሚቀርበው አቤቱታ ግን በመሠረቱ ድርጊቱ በተፈጸመ በ180 ቀናት ውስጥ መግባት አለበት። ይህን የሰማነው ከምናውቃቸው ጠበቃ ነው። በቅጹ ላይ የተጠቀሰው ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል ነበር። ስለ መምህሩ ምን እንደተወሰነም እስከ ዛሬ አልተነገረንም።

ያም ሆኖ ልጆቻችሁ ወደ እንዲህ ያለ ቢሮ እንዲሄዱ እመክራለሁ፤ በተለይ በመጋቢት 2025 ከፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ቢሮ 12 ቅርንጫፎች 7ቱ እንዲዘጉ ከተወሰነ ወዲህ፣ ተማሪው ቶሎ ሊደርስለት የሚችለው እዚያው ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ግን መደበኛ አቤቱታ የሚቀበለው ክፍል የትኛው እንደሆነና የጊዜ ገደቡ መቼ እንደሚያበቃ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ።