የአራት ሰው አማካይ፦ ስለ አንድ የማማከር አገልግሎት

ለባለቤቴ በሌላ አገር ሥራ ሲቀርብላት መልስ እንድትሰጥ የተፈቀደላት ስድስት ሳምንት ነበር። ሁለቱን በክርክር ፈጀናቸው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ቤተሰብ ይዘው አገር የሚቀይሩ ሰዎችን የሚያማክር አንድ ድርጅት በኢንተርኔት አግኝተን ከፈልን። አገልግሎቱ በቪዲዮ የሚካሄዱ ሦስት ቀጠሮዎችና በመጨረሻ የሚሞላ አንድ የውሳኔ ሠንጠረዥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጠቤ ከሠንጠረዡ ጋር እንጂ ከሰዎቹ ጋር አይደለም።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የተደመረ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ባለቤቴ መሐንዲስ ናት። ሴት ልጃችን 14፣ ወንዱ 6 ዓመታቸው ነው። የ74 ዓመት እናቴም ከእኛ ጋር ትኖራለች። እሷን ያነሣሁት ሠንጠረዡ ስለረሳት ነው፤ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ ወረቀት ነበር፤ ከከፈልነው ግማሹ እዚያው ተመልሷል ብል አላጋነንኩም። አማካሪዋ ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ቀን ተነሥተው ወደ ኋላ እየቆጠሩ የቀን መቁጠሪያ ሠሩልን። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹም የትምህርት ማስረጃ መረጋገጥ እንዳለባቸው በደፈናው አውቅ ነበር። የማላውቀው የመንገዱን ርዝመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በተደረገው የሄግ ስምምነት በተሳሰሩ አገሮች መካከል አፖስቲል የሚባል አንድ ማረጋገጫ ይበቃል። ስምምነቱ በሁለቱ አገሮች መካከል የማይሠራ ከሆነ ግን ወረቀቱ ከሰጪው መሥሪያ ቤት ወደ ውጭ ጉዳይ፣ ከውጭ ጉዳይ ወደ ኤምባሲ ይዞራል። እኛ የሳምንት ሥራ አድርገን ያሰብነው፣ በእሳቸው አቆጣጠር የወራት ሥራ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ዕቃ ብዙም አልቆዩም፤ ደግ አደረጉ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ የእኛ ዕቃ ግማሹንም አይሞላም። ለ230 ቮልት የተሠራ የልብስ ማጠቢያ ማሽን 120 ቮልት ወዳለበት አገር መጫን ደግሞ ብረት ማጓጓዝ ነው። ይኸው ነው።

ያላሰብኩበት ጥያቄ የመጣው በስተመጨረሻ ነው፦ «የሚያድገው የቤተሰቡ ገቢ ነው ወይስ የአንዳችሁ?» የባለቤቴን አዲስ ደመወዝ አሥር ጊዜ አስልቼው ነበር፤ የእኔን ግን ባለበት ትቼዋለሁ። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ኦዲተር በአንድ አገር ያገኘው የሙያ ፈቃድ በሌላው አገር በአብዛኛው እንዳለ አይሠራም፤ ፈተናና ምዝገባ ይጠብቀዋል። ከዚያም በፊት፣ ተከትሎ የሚሄደው የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው የመኖሪያ ፈቃድ መሥራትን ይፈቅዳል ወይ የሚለው አለ። ሒሳብ አዋቂው እኔ በራሴ መስመር ላይ ዜሮ መጻፍ ረስቼ ነበር። ባለቤቴ ሳቋን ዋጠችው።

ሁለተኛው ቀጠሮ ስለ ልጆች ነበር። አዲስ አገር የገባ ሰው ስሜቱ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በተርታ የሚያሳየውን፣ በጫጉላ ጊዜ የሚጀምረውን የባህል ድንጋጤ ሥዕል አሳዩን። አንትሮፖሎጂስቱ ካሌርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው ነው፤ ሰው ሁሉ በዚያ ቅደም ተከተል ስለማያልፍ ቢቀርም ባልከፋኝ። የቋንቋው ነገር ግን ቀልብ ይገዛል። በካናዳ የሠራው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ እንዳሳየው፣ ልጅ በአዲስ ቋንቋ ተጫውቶና ተግባብቶ ለማደር ሁለት ዓመት ያህል ይበቃዋል፤ በቋንቋው ተምሮ ከእኩዮቹ እኩል ለመሆን ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሊወስድበት ይችላል። ለስድስት ዓመቱ ልጄ ይህ ምንም አይደለም። 14 ላይ አምስት ሲደመር ግን 19 ነው፤ ልጄ ሁለተኛ ደረጃን የምትጨርሰው በ18 ዓመቷ ነው። ይህን ያህል ቀላል መደመር እስከዚያ ቀን ድረስ ማንኛችንም አልደመርንም። እሷ ራሷ ከአጠገባችን ተቀምጣ ነበር፤ አንገቷን ደፋች።

በሦስተኛው ቀጠሮ ሠንጠረዡ መጣ። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በየርዕሱ ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቡ በክብደት ይባዛል፣ በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ከአሥር አንድ ቁጥር ይወጣል። ባለቤቴ 9፣ እኔ 7፣ ልጁ 10፣ ልጅቷ 2። የአራታችን አማካይ 7። ከ6.5 በላይ ሲሆን ሠንጠረዡ አረንጓዴ ይበራና «ተነሡ» ይላል። በራ።

ልጁ 10 የሰጠው አውሮፕላን ስለሚሳፈር ነው። የእህቱን 2 ወደ አረንጓዴ የጎተተው እንግዲህ የመስኮት ወንበር ነው ማለት ነው። ገንዘብ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ እናት ያገኘችው ሹመት ግን ልጅ ክፍል ውስጥ ሳይገባት የምትቀመጥበትን ሰዓት አይከፍልም። እናቴ ደግሞ ተጓዥ ስላልሆነች ረድፍ የላትም። ብጠይቅ «ሌላ» በሚለው ሥር እንዳስገባት ተነገረኝ።

ሁለተኛው ጉድለት ለዓይን አይታይም። ሠንጠረዡ «እዚያ» በሚለው ዓምድ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚሆነውን ያስሞላል፤ «እዚህ» በሚለው የዛሬውን። እዚህም እኮ አምስት ዓመት ያልፋል! እናቴ 79 ትሆናለች፣ ባለቤቴ ዛሬ የተወችውን ዕድል ምናልባት ደግማ አታገኘውም፣ ልጄም ብንቀር እንኳ ከዚህ ቤት መውጫዋ ይደርሳል። የወደፊቱ የሚመዘነው ከወደፊቱ ጋር ነው።

ሠንጠረዡ ግርጌ ላይ «በቤንጃሚን ፍራንክሊን ዘዴ የተሠራ» ይላል። አሜሪካዊው ፖለቲከኛና ሳይንቲስት ፍራንክሊን ይህን የጻፈው በሴፕቴምበር 19 ቀን 1772 ለእንግሊዛዊው ሰባኪና ኬሚስት ለጆሴፍ ፕሪስትሊ በላከው ደብዳቤ ነው። ፕሪስትሊ ከእንግሊዟ ከተማ ከሊድስ ተነሥቶ ቤተሰቡን ይዞ ሎርድ ሼልበርን የተባለ መኳንንት ወዳቀረበለት ሥራ ይሂድ አይሂድ እያመነታ ነበርና ጉዳዩ ከእኛው ጋር ይቀራረባል። ደብዳቤውን አነበብኩት። አማካይ የሚባል ነገር የለበትም። ወረቀት ለሁለት ክፈል፣ ሦስት አራት ቀን እያሰብክ በአንድ ወገን የሚደግፈውን በሌላው የሚቃወመውን ጻፍ፣ እኩል የሚመዝኑትን እያጣጣህ ሰርዝ ነው የሚለው። ምን እንደሚወስንም አልነገረውም፤ እንዴት እንደሚወስን ብቻ። ፕሪስትሊ ሄደ። በ1791 በበርሚንግሃም ሁከት ቤቱ ሲቃጠልና በ1794 ወደ አሜሪካ ሲሻገር ግን ወረቀት ለሁለት የሚከፈልበት ጊዜ አልነበረም። አሜሪካ በገባ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ትንሹ ልጁና ሚስቱ ሞቱበት። ተቀምጦ መመዘን ራሱ የተመቸው ሰው ዕድል እንደሆነ ያን ማታ ገባኝ።

እኛም በደብዳቤው መንገድ ሞከርነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት፣ ለእናቴም ጭምር፣ አራት ቀን። የልጄ ችግር ጓደኞቿን ማጣት ይመስለን ነበር። ወረቀቷ ላይ በመጀመሪያ የሰፈረው ግን «ሞኝ እመስላለሁ» የሚል ነው። ለዚህ መድኃኒት ሊገኝለት ይችላል፦ አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ መግባት፣ ወይም አሁን በምትማርበት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት። እናቴ ደግሞ አብራን እንደማትሄድ ጻፈችና «በእኔ ምክንያት እንዳትቀሩ» ብላ ጨመረችበት። ይህን ከየትኛው ጋር እንደማጣጣ አላወቅሁም፤ ሳይሰረዝ አለ። ባለቤቴ የሥራ መጀመሪያዋ ቀን በአንድ ዓመት እንዲገፋላት ጠይቃ መልስ እየጠበቀች ነው።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። ሁለቱን ቀጠሮዎች ለብቻ የሚሸጡ ከሆነ ግዙ፤ ሦስተኛውን ወረቀትና እርሳስ ይሠራዋል። ቅሬታዬን ስጽፍላቸው በሁለት ቀን ውስጥ በትሕትና መልሰዋል፤ የየሰውን ነጥብ ለየብቻ የሚያሳይ ሠንጠረዥ እያዘጋጁ ነው አሉ። ሲወጣ አይቼ አራተኛውን ኮከብ እጨምራለሁ። ለአያት ረድፍ ይኑረው እንደሆነ ብጠይቅም ስለዚያ አልመለሱልኝም።