የዲኤንኤ ማንበቢያ ለደብረ ብርሃን፦ እጅ ላይ ያለው ናኖፖር፣ ሊመጣ ያለው ወይስ የቆየው?

በሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬው «ቆርምድ» የሚለው በሽታ ባቄላ ማሳ ከገባ ቅጠሉ እባጭ ያወጣል፣ ተክሉም ቀጭጮ ይቀራል። አምጪው ኦልፒዲየም የተባለ ተሕዋስ ነው ሲባል ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን እውነተኛው አምጪ ፋይዞደርማ መሆኑን አሳየ። ያን ሁሉ ዘመን በተሳሳተ ስም ስንጠራው ኖረናል። በአንድ አነስተኛ የሰብል በሽታ ላቦራቶሪ ስለምሠራ ይህ ነገር ያንገበግበኛል፤ ዲኤንኤ አንብቦ የበሽታውን አምጪ የሚለይ መሣሪያ እዚሁ ደብረ ብርሃን መኖር አለበት ብዬ የምከራከረውም ለዚህ ነው። ክርክሩ የትኛው ይገዛ የሚለው ላይ ነው።

የናኖፖር አሠራር ለመረዳት አይከብድም። በስስ ሽፋን ላይ እጅግ ጠባብ የፕሮቲን ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው በኩል የኤሌክትሪክ ጅረት ያልፋል። የዲኤንኤው ክር ሲሾልክ በውስጡ የሚያልፉት ፊደላት (ዲኤንኤው የተሠራባቸው አራት ኬሚካሎች) ጅረቱን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል፤ ሶፍትዌሩ ያን መዋዠቅ ወደ ፊደል ይመልሳል። ክሩን መቆራረጥ ግድ ስላልሆነ በአንድ ጊዜ በሺዎች፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን በላይ ፊደል ይነበባል።

የኦክስፎርድ ናኖፖር ኩባንያ ሚንአዮን የተባለውን ትንሽ የናኖፖር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ሲያስተዋውቅ ዋጋው ከ900 ዶላር በታች እንደሚሆንና ዓመቱ ሳያልቅ ለገበያ እንደሚቀርብ ተናግሮ ነበር። ዓመቱ አለቀ፤ መሣሪያው አልመጣም። ለተመረጡ ተመራማሪዎች የደረሰው በ2014 ሲሆን፣ ማንም ሊገዛው የቻለው በ2015 ነው። የመጀመሪያዎቹ ንባቦችም ከአሥር ፊደል ሁለትና ሦስቱ፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ የተሳሳቱባቸው ነበሩ። «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው የተጠራጠሩት ሰዎች በቀኑም በጥራቱም ትክክል ነበሩ። ጨርሶ አይሠራም ያሉት ግን ተሳስተዋል። በ2015 ተመራማሪዎች መሣሪያውን በሻንጣ ይዘው ጊኒ ገቡና የኢቦላን ዘረመል ናሙናው በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ አነበቡ። በ2018 ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የስንዴ ቢጫ ዋግን ዝርያ በሁለት ቀን የሚለይ ተንቀሳቃሽ ላቦራቶሪ ተሞከረ፤ ናሙና ወደ ውጭ ተልኮ ሲሠራ ወራት ይፈጅ የነበረ ሥራ ነው።

ዛሬ አዲሱ ቀዳዳ ከመቶ ፊደል 99 ያህሉን በትክክል ያነባል። አንድ ፊደል ደጋግሞ ሲመጣ መቁጠር ግን አሁንም ያስቸግረዋል።

ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ዋጋው ላይ ነው። መሣሪያው ርካሽ ይመስላል፤ ገንዘቡን የሚበላው ቀዳዳዎቹን የያዘው ፍሎው ሴል የሚባለው አላቂ ዕቃ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሠራም ይበላሻል። «ደብረ ብርሃን ራሷ ማቀዝቀዣ ናት» የሚለኝ ሰው አላጣም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ውርጭ ነው፣ ቀኑ ደግሞ ፀሐይ፤ ፍሎው ሴል ሁለቱንም አይችልም። ባለፈው ዓመት ያዘዝነው አንድ ፍሎው ሴል መንገድ ላይ ሞቆ ደረሰን። ከመጠቀማችን በፊት ስንፈትሸው የሚሠሩት ቀዳዳዎች 300 እንኳ አልሞሉም፤ አምራቹ ዋስትና የሚሰጠው ቢያንስ ለ800 ነው። ስድስት ወር የጠበቅነው ዕቃ ነበር።

የቆየው ዓይነት፣ የኢሉሚና መሣሪያ፣ ዲኤንኤውን ቆራርጦ አጫጭር ቁርጥራጭ ያነባል፤ ሚሴቅ በተባለው ሞዴሉ ከእያንዳንዱ ጫፍ እስከ 300 ፊደል ማለት ነው። በጥራት ይበልጣል፤ ጥሩ ንባብ ከሺህ ፊደል አንድ ቢስት ነው። ችግሩ የግዢ ዋጋውና መብራት ነው። ንባቡ መሐል ላይ ኃይል ከተቋረጠ የዚያ ዙር ኬሚካል በሙሉ ባክኖ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ አስተማማኝ የኃይል ማጠራቀሚያ አብሮ ካልተገዛ አይታሰብም። ሚንአዮን ግን በላፕቶፕ ባትሪ ሰዓታት ይቆያል፤ ፊደሉን በተሻለ ጥራት ለመለየት ላፕቶፑ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ቢኖረው ይመረጣል። አንድ ነገር ግን ሐሳቤን አነቃንቆታል፦ በ2024 የወጣው ሚሴቅ አይ100 ኬሚካሎቹ በክፍል ሙቀት ይጓጓዛሉ፣ ይቀመጣሉ። የሞቀ ፍሎው ሴል ለተረከበ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሊመጡ ያሉትስ? የስዊዘርላንዱ ኩባንያ ሮሽ በ2025 ያስተዋወቀው ስልት ዲኤንኤውን በቀጥታ አያነብም፤ የተለጠጠ ቅጂ ሠርቶ ቅጂውን በናኖፖር ያሳልፋል። ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ነው፤ የታሰበው ግን በየቀኑ ብዙ ናሙና ለሚያስተናግድ ትልቅ ማእከል ስለሆነ ለእኛ መጠበቁ ትርጉም የለውም። የቻይናው ኤምጂአይ በ2024 ያወጣው ሳይክሎንሴቅ ለሚንአዮን ቀጥተኛ ተፎካካሪ ነው፤ ውድድሩ የፍሎው ሴልን ዋጋ ቢያወርድልን ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ላይ ዕቃ በመጋዘን የያዘና የሚጠግን ወኪል እስካላየሁ ድረስ ግን የመንግሥት ገንዘብ አላወጣበትም። መጠበቅም ነፃ አይደለም፤ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል።

ከመንዝ በጎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ማወዳደር የሚፈልግ መሣሪያ ባይገዛ ይሻለዋል፤ ናሙናውን አጠራቅሞ አጭር ንባብ ወደሚሠራ ላቦራቶሪ ይላክ። ከቁንዲም ሆነ ከጅሩ ትናንት የመጣ የታመመ ቅጠል ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» ለሚል ጣቢያ ግን አሁን ገበያ ላይ ያለውን ሚንአዮን እመርጣለሁ። ከአቅራቢው ጋር ስንዋዋል አንድ አንቀጽ እጠይቃለሁ፦ ፍሎው ሴሉ ደብረ ብርሃን በደረሰበት ቀን ተፈትሾ ከ800 በታች ቀዳዳ ከተገኘበት በስንት ቀን ይተካል? ቀኑ ተጽፎ ካልሰፈረ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አልፈርምም።