«ኦሪጅናል ቀለም ናት» ለተባለች ቮልስ ጭማሪ እንዳትከፍሉ

አሮጌ ቮልስ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ «ቀለሟ ከፋብሪካ እንደወጣች ነው» ተብላችሁ ጭማሪ የተጠየቃችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

የአጎቴ ልጅ በቅርቡ የ1964 እ.ኤ.አ. ቮልስ ገዛ። ሰማያዊ ናት፣ አባቱ ድሮ ይነዷት የነበረችው ዓይነት። ደላላው ይህን እንደሰማ ዋጋውን ከፍ አደረገው። «ይሄ ቀለም ዛሬ ከየት ይገኛል?» አለው። ልጁም ዓይኑን ሳያሽ ከፈለ።

ቤት ወስደን የኋላ ወንበሯን ስናነሳ፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል በዝገት ተበልቶ መሬቱ ይታያል። ምንጣፍ አልብሰውታል። የበሮቹ ግርጌ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው፤ በጨርቅ የጠቀለልነው ማግኔት አልይዝ አለ። የፊት ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለውን ካርቶን ገለጥ ስናደርግ ደግሞ ቀይ ቀለም ብቅ አለ። መኪናዋ ስትሠራ ቀይ ነበረች!

ቮልስን በወደዱት ቀለም ማስቀባት ነውር የለውም። በዚያ ዘመን ፋብሪካው ራሱ ጋልፍ ብሉ (የቀለም ቁጥሩ ኤል 390) የሚባል ውብ ሰማያዊ ነበረው። እኔን የሚያንገበግበኝ የሰው የአባቱ ትዝታ ላይ ዋጋ መለጠፉ፣ በዚያው ቀለም ዝገት መሸፈኑ ነው።

ስለዚህ የመስታወቱን ዙሪያ ጎማ ገልጣችሁ እዩ፤ ጎማው ላይ ቀለም ከነካ መኪናዋ እንደገና ተቀብታለች። በማይታይ ቦታ ላይ በጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ ፈትጉ። የድሮው ቀለም ላዩ ላይ አንጸባራቂ ስለማይደረብበት ጨርቁን ያቀልማል። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ ቀለሙ አዲስ ነው። ቢያቀልም ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ዛሬም እንደዚያ የሚቀቡ አሉ።

የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐሉ ላይ ተመትቷል። ከትርፍ ጎማው ጀርባ ካለው የፋብሪካ ሰሌዳና ከሊብሬው ጋር አስተያዩት። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ሦስተኛው አሃዝ ዓመቱን ይናገራል፤ በ117 የሚጀምር የ1967 ሞዴል ነው። ጀርመን ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየምም በሻንሲ ቁጥሩ፣ በክፍያ፣ መኪናዋ መቼና በምን ቀለም እንደወጣች የሚገልጽ የልደት ወረቀት ሲሰጥ ቆይቷል። «ኦሪጅናል ናት» ብሎ ጭማሪ የሚጠይቅ ሻጭ ይህን ወረቀት ያምጣ።

ወንበሩን አላስነሳም ያለ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ቮልስ ፈልጉ።