ጅማ ሆናችሁ ስኮላርሺፕ ለምትሞክሩ፦ እኚህን እናት ሳታማክሩ ፎርም አትሙሉ

መስከረም ላይ እንግሊዝ ሀገር እሄዳለሁ፣ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ የሙዚየም ጥናት ልማር። ትምህርት ክፍሉ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ይህንኑ ሙያ ሲያስተምር የኖረ ነው። የትምህርት ክፍያውን፣ የወር መተዳደሪያዬንና የአውሮፕላን ትኬቴን የሚሸፍነው ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። እዚህ ያደረሱኝ ግን ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ብዙም ሳይርቅ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የሚሠሩ አንዲት እናት ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። እትዬ እያልኩ ልቀጥል።

የተመረቅኩት በታሪክ ነው። በኮንትራት አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ተማሪዎችና እንግዶች ይዤ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እወጣለሁ፣ በነፃ። አንድ ቅዳሜ ስለ ጅማ በርጩማ እያስረዳሁ ነበር። ባለ ሦስት እግሩን፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ የጠረበው ሰውዬ ማን ይባላል?" አለችኝ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 መግዛታቸውን በቃሌ እወጣዋለሁ። ጠራቢው ማን እንደሆነ፣ እንጨቱ ከየት እንደመጣ፣ በርጩማው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ ግን መልስ አልነበረኝም። የሥነ ጥበብ ታሪክና የሙዚየም ሥራ መማር አለብኝ ያልኩት የዚያን ዕለት ማታ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? መጀመሪያ የሄድኩት "ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን" ወደሚል አንድ ቢሮ ነበር። የሁለት ወር ደሞዜን ለ"ፎርም ማስሞያ" ከፈልኩ። ወር ሙሉ ተመላለስኩ። በመጨረሻ "የሥራ ልምድሽ ስለማይሞላ አይሆንም" ብለው ሸኙኝ። ብሩ አልተመለሰም።

እትዬ ጋ የገባሁት ትራንስክሪፕቴን ስካን ለማስደረግ ብቻ ነው። ለምን እንደፈለግኩት ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከማሽኑ ላይ አነሱና "የኔ ልጅ፣ ቼቭኒንግ ማመልከቻው እኮ ነፃ ነው። ምን ብለው ነው ያስከፈሉሽ?" አሉኝ። እንባዬ መጣ። ወንበር ሳቡልኝ።

ለዓመታት የሰው ሰነድ ስካን ሲያደርጉ መመሪያውን አብረው ሲያነቡ ኖረዋል። የሚጠየቀው የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ በሰዓት ሲሰላ 2,800 ሰዓት መሆኑን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። የትርፍ ሰዓት ሥራም፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም ይቆጠራል። የተበላሸ ወረቀት ገለበጡና ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ማስተማር፦ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት፣ ሁለት ዓመት፣ 1,600። ጅሬን፦ በሳምንት 8 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት፣ ሁለት ዓመት፣ 800። ከተመረቅኩ በኋላ ለጥናት መረጃ የሰበሰብኩባቸው 12 ሳምንታት፣ በሳምንት 35 ሰዓት፣ 420። ድምሩ 2,820። "ሃያ ሰዓት ተርፎሻል" አሉኝ። ያቺ ወረቀት ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

ቀጥሎ ድርሰቶቹ። ስለ መሪነት፣ ከሰው ጋር ስላለሽ ትስስር፣ ለምን እንግሊዝ ሀገር መማር እንደፈለግሽና ስለ ወደፊት ዕቅድሽ ይጠይቃሉ። እኔ "ከልጅነቴ ጀምሮ ለታሪክ ልዩ ፍቅር ነበረኝ" ብዬ ጀምሬ ነበር። እትዬ አነበቡትና መስመሩን በቀይ ሰረዙት። "ይሄንን ሁሉም ይጽፈዋል። ያቺ ልጅ ስለ በርጩማው የጠየቀችሽን ለምን አልጻፍሽውም?" አዲስ ወረቀት ሰጡኝ። እዚያው ጥግ ላይ፣ የማሽኑ ድምፅ እየተሰማኝ እንደገና ጻፍኩት። በዕቅዱ ላይ ደግሞ ከጥሩ እንግሊዝኛ ይልቅ ምን ሠርቼ እንደምመለስ እንዳብራራ ነገሩኝ። ተማሪው ሲጨርስ ሀገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ግዴታ አለበት። እኔ የምመለሰው ለግዴታው ብዬ አይደለም፤ የጠራቢዎቹን ስም እየጠየቅኩ መመዝገብ እፈልጋለሁ። እሱኑ ጻፍኩ።

ሦስት የትምህርት ምርጫ ማስገባት ይቻላል። ሌስተርን አስቀደምኩ። ከዚያ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲን አስገባሁ፣ የአፍሪካን፣ የኦሽንያንና የአሜሪካ አህጉራትን ጥበብ የሚያጠና የሴንስበሪ የምርምር ክፍል ስላለው። ሦስተኛው ለንደን ያለው ሶአስ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ማመልከቻው የሚዘጋው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ያውም በእኛ ሳይሆን በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC)። እኔ እኩለ ሌሊት መስሎኝ ተዝናንቼ ነበር። እትዬ ባያስታውሱኝ ኖሮ አበቃልኝ። በመጨረሻው ቀን መብራት ሲሄድም በስልካቸው ኢንተርኔት ከፍተው አስጨረሱኝ። ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ የስካንና የፕሪንት ሂሳብ ብቻ ነው። ጨምሬ ልስጥ ብል "ስትመለሺ ልጄን ጅሬን ታስጎበኚልኛለሽ" አሉኝ።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ያቺን ወንበር ባይስቡልኝ ኖሮ ወደ ቤቴ ተመልሼ ነገሩን እተወው ነበር።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ቼቭኒንግ የሚከፍለው ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ ለፒኤችዲ አይሆንም። አውሮፓ ውስጥ ከአንድ በላይ ሀገር እየተዘዋወሩ መማር ለሚፈልግ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባል የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ አለ፣ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። እትዬ አንዱን ብቻ ይዛችሁ እንድትቀመጡ አይፈቅዱም። የቼቭኒንግ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ክረምት ላይ ነው፣ ስለዚህ ከሰኔ ጀምራችሁ ተዘጋጁ። ዲግሪያችሁን፣ ትራንስክሪፕታችሁን፣ ፓስፖርታችሁንና ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የሠራችሁበትን ሰዓት አስቀድማችሁ በወረቀት አስፍሩ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ዝግ ናቸው። ቦታውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ፣ እስከምሄድ ድረስ ደግሞ ራሴ ይዤያችሁ እሄዳለሁ።